ሁለት ጣት ወደ ግራ፦ ኤስኤም57 ማይክሮፎን በጅማ ቆርቆሮ ጣራ ሥር

የመጀመሪያውን ማይክሮፎኔን የመዘንኩት በቡና ናሙና ሚዛን ነበር። ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ቀን ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች የሚመጣውን ናሙና እየቆላሁና እየፈጨሁ፣ በማንኪያ እየማግሁ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ጊታሬን አነሣለሁ። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤስኤም57 የሚለው ማይክሮፎኑ 284 ግራም እንደሚመዝን ጽፎ አስቀምጧል። እኔ የገዛሁት፣ በሳጥኑም በአንገቱም ላይ ያው ስም የተጻፈበት፣ ሚዛኑ ላይ ሳጋድመው 226 አለ። አነሣሁት፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስኩ፣ ደግሜ አስቀመጥኩት። 226። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየና «ጋሼ፣ ይህ እርጥበቱ ወጥቶ ነው» አለኝ።

እጀታውን ፈትቼ አየሁት። ውስጡ መኖር የሚገባው ትንሽ ትራንስፎርመር የለም፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ባዶ ቱቦ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። አስመስሎ የተሠራ ነበር። ሻጩ ማን እንደ ሆነ አልጽፍም፤ ሰውየው ራሱ ተታሎ ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም ሳልመዝን የገዛሁት እኔ ነኝ። ቡና ሳልመዝን ተቀብዬ የማላውቅ ሰው! ትክክለኛውን ከስምንት ወር በኋላ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። በዚያው ሚዛን 283 መዘነ። አንዷን ግራም ለአየሩ ተውኩለት። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚህኛው ነው።

በቅድሚያ ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። ሰባት ዜማዎች ያሉት፣ አንድም የሚዘፈን ቃል የሌለበት አልበም እየቀረጽኩ ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክና ጃዝ ፊውዥን የተቀላቀሉበት፣ ግማሹ በሰባት ምት የሚሄድ፣ መሠረቱ ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሆነ ሙዚቃ ነው። ሰው ሲሰማው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ግጥሙስ መቼ ይገባል?» ብሎ ነው። አይገባም እላለሁ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚችው ጅማ ነው፤ ቫይብራፎኑን ሲመታ ግጥሙ የት ሄደ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ? ይህን ስል ክርክሩ ያልቃል፤ አልበሙ ግን አያልቅም። ቃል የሌለው ሙዚቃ ሲሆን የጊታሩ ቃና ራሱ ዘፋኝ መሆን አለበት። ዘፋኝ ድምፁ ቢያረጅበት ወይም ጉሮሮው ቢዘጋ በግጥሙ ይሸፈናል። ጊታር መሸፈኛ የለውም።

ቃና የሚለው ቃል እኛ ቀማሾች ዘንድም አለ፤ ለሲኒውም ለክሩም አንድ ቃል መሆኑን የገባኝ ይህን ሥራ ስጀምር ነው።

ስለ ዕቃው ባጭሩ፦ ኤስኤም57 ለገበያ የቀረበው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ነው። ከዚያ ወዲህ መልኩ እምብዛም አልተለወጠም። ከሊንደን ጆንሰን ጊዜ ጀምሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ንግግር ሲያደርጉ ፊታቸው የሚቆመው እሱ ነው፤ ብዙ የሮክ ጊታርም የተቀረጸው በእሱ ነው። አንድ ዕቃ ለፕሬዚዳንትም ለጊታርም መሆኑ ያስቀኛል፤ ሁለቱም በቅርበት ይጮኹበታል መሰለኝ። ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከኬብሉ ምንም ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የሚሰማው ከ40 እስከ 15,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የንዝረት ብዛት) ያለውን ነው። ከ200 በታች እየቀነሰ ይሄዳል፣ 6,000 አካባቢ ደግሞ ጎላ ያደርጋል። ይህ ጎላ የሚያደርግበት ቦታ ነው ምስጋናውም ሐሜቱም የሚመጣው። ፊት ለፊቱ ያለውን አጥርቶ ይሰማል፤ ከኋላው ለሚመጣው ጆሮውን ይደፍናል። ቢወድቅ አይሰበርም። የኔ ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ወድቋል፤ ከሽቦ ወንፊቱ መጠነኛ መጎርበጥ በቀር ምንም አልሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አምፕሊፋየሬ ባለ ቲዩብ፣ 15 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው ነው። ከወለሉ ላይ አንሥቼ የጅማ በርጩማ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲሚንቶው ላይ ሲቀመጥ ወለሉ ወፍራሙን ድምፅ እየመለሰ ያጉተመትማል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ በርጩማ አይንቀጠቀጥም፣ ዋጋውም ለዚሁ ተብሎ ከሚሸጠው ማቆሚያ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ማይክሮፎን የምተክለው አንድ ቦታ ነበር፤ የስፒከሩ እምብርት ላይ፣ ጨርቁን ሊነካ ሲል። ድምፁ ሁልጊዜ ይነክሰኛል። ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መለወጫ) ገዛሁ፤ ነከሰኝ። ሌላ ፔዳል ገዛሁ፤ ክር ቀየርኩ፤ ነከሰኝ።

ቡና ሲቀመስ ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይዘጋጃል፤ ቀማሹም የማን ቡና እንደ ሆነ ሳይነገረው በቁጥር ብቻ ይቀርብለታል። ስም ካየህ ምላስህ ይዋሻል። ይህን ለሃያ ዓመት ገደማ እያወቅሁ በጆሮዬ ላይ ሞክሬው አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ አንዲት አጭር ሐረግ፣ በአምባሰል፣ ከጊታሩ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ቀረጽኩ። ያንኑ ቀረጻ በማዛመጃ ሳጥን በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ መልሼ እየላክሁ፣ ማይክሮፎኑን አምስት ቦታ እያዘዋወርኩ አምስት ጊዜ ቀዳሁት። አጨዋወቱ አንድ፣ አምፕሊፋየሩ አንድ፣ የተለወጠው ማይክሮፎኑ የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ እምብርቱ ላይ፤ አንዱ መሐል ያለችው ጉልላት ከወረቀቱ ጋር የምትገናኝበት ጠርዝ ላይ፤ አንዱ ከጉልላቷ ርቆ ወረቀቱ ላይ፤ አንዱ ጠርዙ ላይ ሆኖ አንገቱን ያዘነበለ፤ አምስተኛው ከጨርቁ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ የራቀ። ሁሉንም ጩኸታቸው እኩል እንዲሆን አስተካከልኩ፤ ጮክ ያለ ነገር ሁልጊዜ ያማረ ይመስላልና። ባለቤቴ ፋይሎቹን በፊደል ሰየመችልኝና ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋ ኪሷ ከተተችው። እሷ ይህን ሙዚቃ አትወደውም፤ ስለዚህ ከማንም የተሻለች ዳኛ ነበረች።

ሦስት ማታ ቀመስኩ። ሦስቱንም ማታ «ሐ» ትልቁን ነጥብ አገኘች፤ ክብደት አላት፣ ብሩህ ናት፣ አትጎመዝዝም። «ሀ» ሁልጊዜ አራተኛ ሆነች፤ ማስታወሻዬ ላይ «ጥሬ፣ በደንብ ያልተቆላ» ብዬ ጽፌባታለሁ። ባለቤቴ ወረቀቱን ስትዘረጋ «ሀ» ስድስት ዓመት የኖርኩበት እምብርት ነው። «ሐ» ጠርዙ ነው፤ ከእምብርቱ ሁለት ጣት ወደ ግራ። ሁለት ጣት! ለፔዳል ያወጣሁትን ገንዘብ በልቤ ደምሬ ዝም አልኩ። እሷ ግን ዝም አላለችም።

ቦታውን የስፒከሩ ጨርቅ ላይ በቢጫ ናስትሮ ምልክት አድርጌበታለሁ። ያ ቢጫ ናስትሮ ካለኝ ዕቃ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ርቀትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ምንጭ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ ያበዛል። ለዲስቶርሽን፣ ማለት ሆን ተብሎ ለሚሻክረው የጊታር ድምፅ፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ክፍት በሆኑ ወፍራም ክሮች ላይ በለስላሳው ድምፅ ስጫወት ግን ጉም ይመስላል። ስለዚህ ለስላሳዎቹን ሦስት ዜማዎች ከጨርቁ አራት ጣት አርቄ፣ ሌሎቹን አንድ ጣት ብቻ ትቼ ቀረጽኩ። በኮምፒውተር ላይ ቁልፍ እያዞሩ ከመቁረጥ ማይክሮፎኑን ገፋ ማድረግ ይሻላል፤ ይህን የምለው ሁለቱንም ሞክሬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አልነገረኝም፦ ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሰፈራችን በአንድ መስመር ላይ ነው። ምሽት ላይ ሁለት ሦስት ቤት ሲጋግር 220 መሆን የሚገባው ቮልት 187 ሲደርስ በመለኪያ አይቻለሁ። ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ደግሞ ቮልት ሲወርድበት ይለግማል፤ ቶሎ ይሻክራል፣ የክሩ ምት ይፈዝዛል። ሰኞ የቀረጽኩትና ረቡዕ የቀረጽኩት አንድ ዜማ ውስጥ ሳገናኛቸው ሁለት የተለያዩ ጊታሮች መሰሉ። ማይክሮፎኑን ጠረጠርኩ። ናስትሮዬን ለካሁ፤ አልተነቃነቀም። ስታቢላይዘር አስገባሁ፤ እሱም ቮልት ባስተካከለ ቁጥር ውስጡ «ጠቅ» ይላል፣ ማይክሮፎኑም ያንን «ጠቅ» ሳያፍር ቀድቶ አስቀመጠልኝ።

በመጨረሻ በአጥሩ በኩል ለጎረቤታችን እናት «እማማ፣ ዛሬ ይጋግራሉ?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ እንጀራ አለቀባችሁ?»

ስለ ቮልት እንዴት ብዬ አስረዳለሁ? አዎ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በጋገሩ ቁጥር አራት አራት እንጀራ ይልኩልናል፤ እኔም የሚጋግሩበትን ቀን በዚሁ አወቅሁ።

ጉርምርምታው ሌላ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኸርዝ ደግሞ ጂ ከሚባለው ወፍራም ኖታ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ትዝታዬን በጂ ስጫወት ቤቱ ራሱ ከኔ ጋር ይዘፍናል፣ ግን ቅኝቱ ተበላሽቶ። ጆሮ ደግሞ የሚፈርደው በጊታሩ ላይ ነው፤ ጊታሩ የተዛባ ይመስላል። ማይክሮፎኑ እዚህ ላይ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጉርምርምታው የሚገባው የክሩን ንዝረት በሚቀበለው በጊታሩ ፒክአፕ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅዬ በባትሪ ብቻ ማሠራት ግማሹን አጠፋው። የቀረውን ያጠፋሁት ወንበሬን በማዞር ነው፤ የጊታሩ ፊት ወደ መስኮቱ ሲሆን ዝም ይላል፣ ወደ በሩ ሲሆን ያጉረመርማል። የአልበሙን ግማሽ ግቢ ውስጥ ያለውን የአቮካዶ ዛፍ እያየሁ ነው የተጫወትኩት።

ዝናቡንስ? ጅማ ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ንግግር እንኳን ያቋርጣል። አምፕሊፋየሩ ጮክ ሲል፣ ማይክሮፎኑ ስፒከሩን ሊስም አንድ ጣት ሲቀረው፣ ዝናቡ ከነጭራሹ አይሰማም፤ እዚህ ላይ ውድና ስስ የሆነ የስቱዲዮ ማይክሮፎን ቢሆን ኖሮ እስከ መስከረም መጠበቅ ነበረብኝ። ችግሩ አንድ ኖታ ይዤ ሳቆየውና ቀስ እያለ ሲሞት ነው። ሲሞት ዝናቡ ከሥሩ ብቅ ይላል፤ ደካማውን ድምፅ ከፍ በሚያደርገው ኮምፕሬሰር ሳጎላው ደግሞ ይብሳል። በአምፕሊፋየሩ ዙሪያ ከቡና ጆንያ ጎጆ ሠራሁ። ጆንያ ብቻውን ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን አይበላም፣ ዝናብን ደግሞ ከናካቴው አያግድም። የልጆቹን ፍራሽ ስጨምርበት ነው ለውጥ የመጣው። ልጆቹ ሦስት ማታ ከኛ ጋር ተኙ።

የሙያ ጓደኛዬ ኮንደንሰር የሚባለውን፣ ስስ ድምፅ ሁሉ የሚሰማ ማይክሮፎን አውሶኝ ሁለቱን አብሬ ለመቅረጽ ሞክሬ ነበር። ኤስኤም57ን ቅርብ፣ ሁለተኛውን ወደ ኋላ ተከልኩ። ለየብቻ ሳደምጣቸው ሁለቱም ያምራሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ጊታሩ በርሜል ውስጥ ገባ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሁለቱ መካከል 17 ሳንቲሜትር ልዩነት ካለ፣ 1,000 ኸርዝ ላይ ያለው ሞገድ አንዱ ዘንድ ሲወጣ ሌላው ዘንድ ይወርድና ይጠፋፋሉ። የኔ ልዩነት ስለካው 18 ሳንቲሜትር ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አፋቸውን እኩል አድርጌ ስተክላቸው በርሜሉ ጠፋ። ያም ሆኖ መጨረሻ ላይ አንዱን ብቻ ተጠቀምኩ፤ ሁለተኛው ዝናቡን ይወድ ነበርና።

አንቺሆዬ ላይ ግን ማይክሮፎኑ አስተማረኝ ማለት እችላለሁ። የአንቺሆዬ ድምፆች ከሲ ስንነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ናቸው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጎረቤታሞች አሉበት። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፅ አብረው ሲገቡበት የሁለቱን ድምርና ልዩነት ራሱ ፈጥሮ ይጨምራል። ኤ እና ኢ አብረው ቢመቱ፣ 440 እና 660 ገደማ ስለሆኑ ልዩነታቸው 220 ነው፤ እሱም ራሱ ኤ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ለዚህ ነው የሮክ ጊታሪስቶች ይህን ጥምረት የሚወዱት። በግማሽ ድምፅ የሚለያዩትን፣ ለምሳሌ 440ንና 466ን፣ አብረህ ስትመታቸው ልዩነታቸው 26 ነው፤ ዜማ ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው። እኔ አንቺሆዬን በከባድ ዲስቶርሽን አብሬ እየመታሁ ጭቃ ሲወጣኝ በማይክሮፎኑ አሳብብ ነበር። እሱ ግን 6,000 አካባቢ ያለውን ሻካራ ሁሉ አጉልቶ እያሳየኝ ነበር እንጂ አልፈጠረውም። ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) በግማሽ ቀነስኩ። አብረው እንዲሰሙ የፈለግኋቸውን ሁለት ድምፆች ለየብቻ፣ በሁለት ትራክ ቀረጽኳቸው፤ እያንዳንዱ ብቻውን በዲስቶርሽን ካለፈ በኋላ ሲገናኙ ዲስቶርሽኑ ያንን መንቀጥቀጥ አይጨምርባቸውም። አንቺሆዬ ያን ጊዜ አንቺሆዬ ሆነ፣ ያ የሚያስጨንቀው ጣዕሙ ሳይጎድል። ለዚህ ዜማ ስል ብቻ ማይክሮፎኑን ደግሜ እገዛው ነበር።

ለክራር አይሆንም። ክራር ለስላሳ ነው፣ ይህ ማይክሮፎን ደግሞ ለጩኸት የተሠራ ስለሆነ የሚያወጣው ኃይል ትንሽ ነው፤ ኢንተርፌሱን (ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን) እስከ መጨረሻው መክፈት ያስፈልጋል፣ ያኔ የኢንተርፌሱ ሽውሽውታ ከክሩ ጋር ይመጣል። ክራሩን በተዋስኩት ኮንደንሰር፣ ዝናብ በሌለበት ጧት ቀረጽን። አምፕሊፋየር ሳይኖርህ በኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ የምትቀርጽ ከሆነም አትግዛው፤ ገንዘብህን ለኢንተርፌስና ለጥሩ ክር አውለው። አምፕሊፋየር ካለህ ግን፣ መቶ ዶላር ገደማ በሚሸጥ ዕቃ ከዚህ የተሻለ የምመክርህ የለኝም። ስትገዛ ሚዛን ይዘህ ሂድ። ሚዛን ከሌለህ ሄርማታ ገበያ ውስጥ በርበሬ የሚሸጡት እናቶች ጋር ጠጋ በል፤ ሃምሳ ግራም ጎድሎ እንደ ሆነ እነሱ በእጃቸው ያውቁታል።

ከሰባቱ አምስቱ ተቀርጸዋል፤ ሁለት ይቀሩኛል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እቀርጻለሁ። ረቡዕና ቅዳሜ አልሞክርም፤ እማማ ይጋግራሉ።